ለልጆቹ ይንገሯቸው

እንደምን አመሻችሁ። ዛሬ የመግቢያ ሙዚቃ የለም፤ ቤቱ ተኝቷል፤ እኔም ድምፄን ዝቅ አድርጌ ነው የምናገረው። ያው ክፍል፣ ያው ወንበር፣ ራዲያተሩም፣ ክፍሉን የሚያሞቀው ብረት፣ እንደ ወትሮው ከጀርባዬ። አንድ ነገር ላስደምጣችሁ። ዝም ልበልና አዳምጡ።

...

ሰማችሁ? ምንም የለም። ቧንቧው አያንኳኳም። "ይግቡ!" የምንለው እንግዳችን ካለፈው ማክሰኞ ወዲህ ደጃፋችን አልደረሰም። ንግግሬን አቋርጬ "ይግቡ!" ያልኩባቸውን ጊዜያት አንዳችሁ ቆጥራችሁ ልካችሁልኝ ነበር፤ ቁጥሩን ረስቼዋለሁ፤ የሚያሳፍር ያህል ብዙ እንደነበረ ግን አስታውሳለሁ። እንግዳው ለምን እንደቀረ አሁን አውቃለሁ። ችግሬም እሱ ነው።

ከቦይለሩ ልጀምር፤ ምድር ቤት ሆኖ ውሃ እያፈላ እንፋሎቱን ወደ ራዲያተሮቹ ከሚልከው። ሽማግሌው አልቆለታል። ማለቴ ገና ይሠራል፤ ግን ተፈርዶበታል። ከጭስ ማውጫው ነጭ ጉም እንደሚወጣ ስነግራችሁ "ሽማግሌው ትንባሆ ጀመረ" ብላችሁ ሳቃችሁብኝ። ትንባሆ አይደለም፣ እንፋሎት ነው። ከውሃው ወለል በላይ ያለው ብረት ዝጎ ተበስቷል፤ ወደ ክፍሎቹ መሄድ የነበረበት እንፋሎት በቀዳዳው ሾልኮ ወደ ሰማይ ይሄዳል። ማረጋገጫው ቀላል ነው፦ እሳቱን አጥፍቶ፣ ብረቱ እስኪቀዘቅዝ ጠብቆ፣ ከመደበኛው ልክ በላይ ውሃ መሙላትና ከሥር በእጅ ባትሪ ማየት ነው። አየሁ። ጠብ። ጠብ። ጠብ። ማቃጠያው ላይ። ሠላሳ ዓመት ያለፈው ብረት እንደዚያ ሲያንጠባጥብ ቁጭ ብሎ ማየት... እሺ፣ ይሄንን እንለፈው።

ሁለት ተቋራጮች መጡ። የመጀመሪያው ወጣት ነው፣ ፈጣን፣ ጨዋታ አዋቂ። ምድር ቤት ወርዶ ቦይለሩ ላይ የተለጠፈችውን ሰሌዳ በስልኩ ፎቶ አነሳና "በዚሁ ልክ እንተክልልዎታለን፤ ለመተማመኛ እንዲያውም ትንሽ ከፍ እናደርገዋለን" አለኝ። ቢበዛ አሥር ደቂቃ። ወደ ላይ አልወጣም፤ አንዲት ራዲያተር አላየም። ሲሄድ ቤቱን አመሰገነ፣ ደረጃውን አመሰገነ፣ እኔንም አመሰገነ። ወደድኩት። ምን ላድርግ፣ ሰው ሲያመሰግነኝ እወዳለሁ።

ሁለተኛው በዕድሜ የገፉ ሰው ናቸው። ቦይለሩን ዞር ብለውም ሳያዩ "ራዲያተሮቹ ስንት ናቸው?" አሉኝ። ሰባት ናቸው አልኳቸው። "እንያቸዋ።"

እዚህ ላይ ትንሽ ልሂድበት፤ እኔም ያወቅሁት ገና ሰሞኑን ስለሆነ መናገር ያምረኛል። ቤትን በሙቅ ውሃ የሚያሞቅ ቦይለር ሲመረጥ የሚሰላው ቤቱ በብርድ ቀን የሚያጣው ሙቀት ነው። የእንፋሎት ግን እንደዚያ አይደለም። እንፋሎት ራዲያተሮቹን ሁሉ መሙላት አለበት፤ ስለዚህ የቦይለሩ ልክ ከራዲያተሮቹ ድምር ጋር ይገጥማል። ባለሙያዎቹ ራዲያተርን የሚቆጥሩት በካሬ ጫማ ነው፤ አንዱ ካሬ ጫማ በሰዓት 240 ቢቲዩ ሙቀት ይሰጣል። ለምሳሌ ይህ ከጀርባዬ ያለው፦ ቁመቱ 38 ኢንች፣ ባለ ሁለት ዓምድ፣ አሥር ክፋይ። አንዱ ክፋይ 4 ካሬ ጫማ ነው፣ አሥሩ 40። ሰባቱም ሲደመሩ 280 ሆኑ። የሽማግሌው ሰሌዳ የሚለው ደግሞ 520! ይሄ ሁሉ ዓመት አንድ ሰው ለሁለት ሰው የሚበቃ ምሳ ሲቀርብለት እንደኖረ ቁጠሩት። ጉልበቱ ሲተርፈው ግፊቱ ቶሎ ይወጣል፣ መቆጣጠሪያው ያጠፋዋል፣ ተመልሶ ይነዳል፣ ደግሞ ይጠፋል፤ ነዳጁ በዚህ መሃል ያልቃል። የወጣቱ "ትንሽ ከፍ እናደርገዋለን" ደግሞ በዚያ ላይ ነው።

ታዲያ ሰውየው ሲለኩ ረዳት አስፈለጋቸው። ረዳታቸው ማን እንደሆነች ሳልነግራችሁ ታውቃላችሁ። ተቆጣጣሪዋ ልጄ። ስምንት ዓመቷ ነው፤ የሜትሩን ጫፍ እንድትይዝ ሰጧት፤ ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ እኔ በገዛ ቤቴ ጎብኚ ሆንኩ። ክፍል በክፍል ሄዱ። እሷ ክፋዮቹን ጮክ ብላ ትቆጥራለች፣ እሳቸው በእርሳስ ይጽፋሉ። መጨረሻ ላይ እዚህ ክፍል ገቡ።

ይህን ክፍል ታውቁታላችሁ። ልጆች አይገቡበትም። ማይክሮፎኑ፣ ገመዱ፣ "አትንኩ" የሚለው ወረቀት። የራዲያተሩ ቫልቭ እጀታ ከተሰበረ ቆይቷል፤ የቀረችው ዘንጓ ብቻ ናት፤ ስለዚህ ራዲያተሩ ላይ አንድ ፒንሳ ይቀመጣል። ቀይ እጀታ ያለው። ዘንጓን በሱ ነክሼ አዞራለሁ። ለምን? ለእናንተ ብዬ! እንፋሎቱ ሲመጣ አየር ማስወጫዋ ትፏጫለች፤ ፉጨቷ ማይክሮፎን ውስጥ ይገባል። ስለዚህ ስቀዳ ቫልቩን ግማሽ ድረስ እዘጋዋለሁ። ሙሉ በሙሉ ከዘጋሁት ይበርደኛል። ግማሽ። ስድስት ዓመት ሙሉ፣ ግማሽ።

ሰውየው አጎነበሱ። ዘንጓን አዩ። ፒንሳውን አነሱ፣ እጃቸው ላይ ትንሽ መዘኑት፣ ዘንጓን ነክሰው አዞሩ። አንድ ዙር፣ ሁለት፣ ሦስት ዙር ላይ ቆመች። ቀና ሳይሉ "ይህን መሃል ላይ የሚያቆመው ማን ነው?" አሉ።

እኔም "ልጆች ሲነካኩት ይሆናል" አልኩ።

ማክሰኞ ነው እንግዲህ። ዛሬ አምስተኛ ሌሊቴ ነው፤ እስካሁን እዚያው ቆሜያለሁ። ማንም አላስገደደኝም። አልተቆጡኝም፣ አልከሰሱኝም፤ የሙያ ጥያቄ ነው የጠየቁኝ፤ ሐኪም "ምን በላህ?" እንደሚለው ማለት ነው። "እኔ ነኝ" ሁለት ቃል ነው። "ልጆች ሲነካኩት ይሆናል" ሦስት። በድካም እንኳ ቢለካ እውነቱ ይቀል ነበር። ደግሞ "ይሆናል" የምትለዋን ጨመርኩባት፤ እንዳልዋሽ ይመስል፣ ግምት ብቻ የሰነዘርኩ ይመስል።

እሷ የሜትሩን ጫፍ ይዛ ቆማለች። መጀመሪያ ፒንሳውን አየች። ከዚያ እኔን። ምንም አላለችም። ይህች ልጅ ዝም የምትል ልጅ አይደለችም፤ ታውቋታላችሁ፤ በቀጥታ ስቀዳ በር ከፍታ "ከንቲባ በ'ጢ' አይጻፍም፣ በ'ቲ' ነው!" ብላ ያረመችኝ ልጅ ናት። በእሷው ፊት በእሷ ላይ ሳላክክ ጊዜ ግን ዝም።

ሰውየው ፒንሳውን በቦታው መለሱና ቀና አሉ። ያዩት ግን ልጅቱን አይደለም፣ እኔን ነው። "እንግዲያው ለልጆቹ ይንገሯቸው፤ ይህ ቤት በአንድ ቧንቧ የሚሠራ ነው። እንፋሎቱ የሚወጣው፣ ውሃውም የሚወርደው በዚችው ነው። ቫልቭዋ ወይ ሙሉ ክፍት ናት፣ ወይ ሙሉ ዝግ። መሃል የላትም።" ረጋ ብለው። "ለልጆቹ" የምትለዋን ግን... እኔ እንጃ፣ ምናልባት እኔ ነኝ የጫንኩባት። ምናልባት እንደ ማንኛውም ቃል ነው የተናገሯት።

ቫልቩ ግማሽ ሲዘጋ መንገዱ ይጠባል። ተመልሶ መውረድ የነበረበት ውሃ ይታገዳል፤ እንፋሎቱ በፍጥነት መጥቶ የታገደውን ውሃ ይመታዋል፤ ውሃው ተወርውሮ ብረቱ ላይ ይጋጫል። "ይግቡ!" ያልነው ያንን ነው። ስድስት ዓመት የሳቅንበት እንግዳ የገዛ እጄ ሥራ ነበር ማለት ነው። ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ከተከፈተ ወዲህ ይኸው ጸጥታ። አሁን ደግሞ ክፍሉ ይሞቃል፤ ሹራቤን አውልቄ ነው የማወራችሁ።

በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ሰውየው የላኩትን ወረቀት ማንበብ ያዝኩ። የወጣቱ አንድ መስመር ነው፦ "ነባሩን ቦይለር አንስቶ አዲስ መትከል፣ ሙሉ ሥራ።" የእሳቸው አንድ ገጽ ተኩል። ከቦይለሩ የሚወጣው ዋና ቧንቧ ከውሃው ወለል ቢያንስ 24 ኢንች ከፍ እንደሚል፤ በመዳብ ሳይሆን ጥርስ በወጣለት የብረት ቧንቧ እንደሚሠራ፤ ምድር ቤት ያለውን አሮጌ የቧንቧ ልባስ አስቤስቶስ ሊሆን ስለሚችል ሳይመረመር ማንም እንዳይነካው። ደግሞ ስለ ዘይቱ። ቧንቧ ላይ ጥርስ ሲወጣ የሚቀባው ዘይት አዲሱ ቦይለር ውስጥ ገብቶ ውሃው ላይ ይንሳፈፋል፤ ውሃው ሲፈላ ይናወጣል፤ እንፋሎቱም ውሃ አዝሎ ይወጣል። ስለዚህ ውሃው በጎን በኩል ባለች ቀዳዳ በቀጭኑ ለሰዓታት እየፈሰሰ ዘይቱን ጠርጎ መውጣት አለበት። "ለዚህ ሁለት ጊዜ ተመልሼ እመጣለሁ" ብለው ጽፈዋል።

ከመስመሮቹ አንዷ "ሃርትፎርድ ሉፕ" ትላለች። ይህ ደግሞ ምንድን ነው ብዬ ሌሊቱን ሙሉ ስከታተለው ነጋ። ሃርትፎርድ አሜሪካ ውስጥ ያለ ከተማ ነው። በፈረንጆቹ 1865፣ ሚያዝያ ውስጥ፣ ሱልታና የምትባል የእንፋሎት መርከብ ሚሲሲፒ ወንዝ ላይ ቦይለሮቿ ፈንድተው ከ1,000 በላይ ሰው አለቀ፤ አብዛኞቹ ከጦር ምርኮ ተፈትተው ወደ ቤታቸው የሚመለሱ ወታደሮች። በዓመቱ ሃርትፎርድ ላይ ቦይለር እየመረመረ ዋስትና የሚሰጥ ኩባንያ ተቋቋመ፤ የቧንቧዋም ስም የመጣው ከዚያው ነው። የምትሠራው ሥራ ደግሞ ቀላል ነው፦ መመለሻው ቧንቧ ከታች ቢቀደድ እንኳ ውሃው በሙሉ ከቦይለሩ እንዳይፈስ ትይዘዋለች። ውሃ ያለቀበት ቦይለር ስር እሳት መንደዱ ነውና አደጋው። ከዚህ ሁሉ ልቤ ውስጥ የቀረው ግን ሌላ ነገር ነው። መርከቧ ከመነሳቷ በፊት አንደኛው ቦይለሯ ያፈስ ነበር፤ በአግባቡ ይጠገን ቢባል ቀናት ይፈጃል፤ ስለቸኮሉ ላዩ ላይ ለጥፈውበት ሄዱ። ለጥፈውበት...

አይ፣ ከሱልታና ጋር ራሴን ላነጻጽር አይደለም። የኔ ቦይለር ግፊቱ ሁለት ፒኤስአይ እንኳ አይሞላም፤ ከመኪና ጎማ ጋር ሲተያይ እስትንፋስ ነው። እኔ ስለ አንዲት ቫልቭ ዋሽቻለሁ፤ በቃ። ሰው ስለ ቫልቭ ይዋሻል። አይዋሽም? እንጃ።

ማታ ብርድ ልብሷን ሳስተካክልላት ምን አለችኝ መሰላችሁ። "አባዬ፣ እኔ ፒንሳውን ነክቼው ነበር እንዴ?" እየቀለደች አይደለም። አስባበት ነው። ትዝ የማይላት ነገር ሠርታ እንደሆነ ነው የምትጠይቀኝ። እኔም "አልነካሽም፣ ተኚ" አልኳት። ማን እንደነካው አልነገርኳትም። መብራቱን አጠፋሁ።

አሁን እንግዲህ መወሰን አለብኝ፤ ቀዝቃዛው ወር ሳይገባ። በቁጥሩ ከሄድን ክርክር የለውም፤ የቆጠሩት እሳቸው ናቸው። ስልኬን ሳነሳ ግን ጣቴ ወደ ወጣቱ ይሄዳል። ለምን እንደሆነ ለማወቅ አምስት ሌሊት ፈጀብኝ፦ እሱ ስለ ፒንሳው አያውቅም። እሱ ዘንድ እኔ ደረጃው የሚመሰገንለት ሰው ነኝ። እሳቸው ቢመጡ ቢያንስ ሦስት ቀን ይሠራሉ፣ ዘይቱን ለማጥራት ሁለት ጊዜ ይመለሳሉ፣ በመጡ ቁጥር "ልጆቹ እንዴት ናቸው?" ማለታቸው አይቀርም፤ ሰላምታ ነው፣ ማንም የሚለው ነገር ነው፤ እኔ ግን...

ደውዬ "እኔ ነበርኩ" ልበላቸው ይሆን? ምን ይሉኛል? "አውቃለሁ" ቢሉኝስ? "የቱ ቫልቭ?" ቢሉኝ ደግሞ ይብሳል። ደግሞስ መጀመሪያ የምነግረው ለሳቸው ነው ወይስ ለ... እሷ ይህን ዝግጅት አትሰማም፤ ለጊዜው። ጓደኞቿ ግን ወላጆቻቸው ይሰሙታል። ይህን ክፍል ላወጣው ወይም ላላወጣው እችላለሁ። ከሰማችሁት አውጥቼዋለሁ ማለት ነው።

ቆዩ። ከታች የነደደ መሰለኝ። ማታ ውሃ ሳልጨምርለት ነው የወጣሁት፤ የውሃውን ልክ የሚያሳየውን መስታወት ልየው። ፉጨቷን ትሰማላችሁ? ሙሉ ክፍት ነው፤ አልነካሁትም፤ ዛሬ እንዲሁ እየፏጨች...