ቁመተ ረጅም አኳሪየም የትኛውን ፊልተር ይፈልጋል?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ የማወራችሁ የዓሣ ማርቢያ ውሃን ስለሚያጣራው ዕቃ፣ ስለ ፊልተር ነው፤ ያውም ወርዱ ጠበብ፣ ቁመቱ ረዘም ላለ አኳሪየም።

ኮንዶሚኒየም ውስጥ ለሚኖር ሰው ወደ ጎን ቦታ የለም፣ ወደ ላይ ግን አለ። እኔ ደግሞ ኤንጅልፊሽ ክንፏን ዘርግታ ቀስ እያለች ሽቅብ ስትወጣ ማየት በጣም ነው ደስ የሚለኝ። ግን እስቲ ሒሳቡን እንየው። 40 በ40 ሆኖ ቁመቱ 60 ሴንቲ ሜትር የሆነ አኳሪየም 96 ሊትር ይይዛል። 80 በ40 ሆኖ ቁመቱ 30 የሆነውም ያው 96 ሊትር ነው። አየር የሚነካው የውሃ ገጽ ግን ቁመቱ ዝቅ ባለው አኳሪየም እጥፍ ነው። ኦክስጅን የሚገባው ደግሞ በዚያው ገጽ በኩል ነው።

አዲስ አበባ ላይ ይብሳል። ከባሕር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆንን የአየሩ ግፊት ዝቅ ይላል፤ ውሃችን የሚይዘው ኦክስጅንም በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ ካለ ውሃ በሩብ ገደማ ያንሳል። ውሃው ሲሞቅ ደግሞ ሌላ ቅናሽ አለ።

ስለዚህ ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን «በሰዓት ይህን ያህል ሊትር» ብቻ አትመኑ። ውሃ ወደ ላይ ሲገፋ ያ ቁጥር ይወርዳል። እኔ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ከየት ይስባል? የት ይመልሳል? አኳሪየሙ ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠለው ፊልተር ቱቦው አጭር ከሆነ ከመሃል ይስባል፤ ቆሻሻው ግን ታች ነው። ካኒስተር፣ ማለትም ከአኳሪየሙ ውጭ የሚቀመጠው ዝግ ፊልተር፣ በቱቦው እስከ ወለሉ ወርዶ ይስባል፣ ላይ ይመልሳል፤ ጥሩ ነው። ችግሩ መብራት ሲጠፋ ነው። ከዓሣ ቆሻሻ የሚመጣውን መርዛማ አሞኒያ ወደ ናይትራይት፣ ከዚያም ወደ ናይትሬት የሚለውጡት ባክቴሪያዎች ዝግ ዕቃ ውስጥ ናቸው። ለሰዓታት ከቆመ ኦክስጅን አጥተው ይሞታሉ፤ መብራት ሲመጣ ያ የሸተተ ውሃ ዓሣዎቹ ላይ ይለቀቃል።

ለዚህ ነው ለእኛ ከተማ የስፖንጅ ፊልተርን፣ ማለትም የአየር ፓምፕ በሚነፋው አረፋ ውሃን በስፖንጅ ውስጥ የሚያሳልፈውን፣ የማስቀድመው። ስፖንጁ ውሃው ውስጥ ስለሚቀመጥ መብራት ቢጠፋም ባክቴሪያዎቹ ቶሎ አይታፈኑም። አረፋው የታችኛውን ውሃ ይዞ ይወጣል፣ ኤንጅልፊሽንም በኃይለኛ ሞገድ አያንገላታትም። የአየር ፓምፑ ግን 60 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ድረስ አየር የመግፋት አቅም ይኑረው፤ ደካማ ከሆነ አረፋው ይሞትባችኋል። መሥራቱን ለማወቅ ፍርፋሪ ምግብ ውሃው ላይ ጣል አድርጉና ተመልከቱ፦ አንድ ጥግ ተኝቶ ከቀረ ገጹ አልተነቃነቀም ማለት ነው።

ስፖንጁን ስታጥቡ ከአኳሪየሙ በቀዳችሁት ውሃ ጨመቅ ጨመቅ አድርጉት። የቧንቧ ውሃ ክሎሪኑ ባክቴሪያዎቹን ይገድላል። ፓምፑንም ከውሃው ከፍ አድርጋችሁ አስቀምጡት፣ መብራት ሲጠፋ ውሃ በቱቦው ተመልሶ እንዳይገባበት።

በሉ፣ ደህና ሰንብቱ።