ባጅ በመዶሻ፦ ሁሉ ነገር ያለው ማህተሙ ላይ ነው

ቢኒያም፦ ጤና ይስጥልኝ አድማጮቻችን። ዛሬ ብረት መቀጥቀጥን በትርፍ ጊዜያቸው የያዙ ሰዎች ለራሳቸው ቡድን ስለሚሠሩት ባጅና ሜዳሊያ ነው የምናወራው። ናርዶስ፣ ዙሪያ ጥምጥም አልሄድም። ሃያ ባጅ የሚያስፈልገው ቡድን አንድ በአንድ በመሮ ይቅረጽ ወይስ ማህተም ሠርቶ ይምታ?

ናርዶስ፦ ማህተም ይሥራ። ምን ጥያቄ አለው?

ቢኒያም፦ እኔን ግን ቅር ይለኛል። በማህተም የተመታ ነገር የእጅ ሥራ ነው ትያለሽ?

ናርዶስ፦ ማህተሙንስ ማን ቀረጸው? ሳንቲም እኮ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ7ኛው ክፍለ ዘመን ሊዲያ ውስጥ ከተጀመረ ወዲህ ከሁለት ሺህ ዓመት በላይ በመዶሻ ሲመታ ነው የኖረው። አንደኛው ማህተም መስፉ ላይ ይተከላል፣ ሌላው በእጅ ይያዛል፣ ጥፍጥፉ፣ ማለትም ገና ያልታተመበት ጠፍጣፋ ቁራጭ፣ መሃል ይገባል፣ ከላይ መዶሻ ያርፋል። ዱላውን በቀጥታ የሚቀበለው የላይኛው ስለሆነ ቶሎ የሚያልቀውም እሱ ነበር።

ቢኒያም፦ እሺ፣ ግማሽ ተረታሁ። እና ማህተሙ እንዴት ይሠራል? ፊደሉን ገልብጦ መቅረጽ እኮ ራስ ያዞራል።

ናርዶስ፦ አትገለብጥም! ምን ታደርጋለህ መሰለህ፣ የአሮጌ መኪና አክስል ቁራጭ ትወስድና ጫፉ ላይ ባጁን ራሱን፣ ጎላ ብሎ እንደሚታየው፣ ፊደሉም ቀጥ ብሎ እንደሚነበበው አድርገህ ትቀርጻለህ። ታጠነክረዋለህ። ከዚያ ሌላ ወፍራም ብረት ብርቱካናማ እስኪሆን አግለህ ያንን ጫፍ ትመታበታለህ። ጎድጉዶ የቀረው የተገለበጠ ቅጂ ማህተምህ ነው።

ቢኒያም፦ ማጠንከሩ ላይ ብዙ ሰው ይቸገራል።

ናርዶስ፦ ማግኔት ያዝ። ብረቱ 770 ዲግሪ አካባቢ ሲደርስ ማግኔት መሳብ ያቆማል፤ ከዚያ ትንሽ ጨምረህ ዘይት ውስጥ ንከረው። እንደወጣ ግን እንደ መስታወት ተሰባሪ ነው። ላዩን ጸዳ አድርገህ፣ ወይን ጠጅ መልክ እስኪይዝ ድረስ፣ ወደ 280 ዲግሪ ገደማ፣ መልሰህ ታሞቀዋለህ። አንድ ነገር ደግሞ አደራ፦ መዶሻው የሚያርፍበት ራስ እንዳይጠነክር። የጠነከረ ራስ ሲመታ ስባሪው ይበራል፣ ዓይን ያጠፋል። መነጽር ሳታደርግ ባትጀምር ይሻላል።

ቢኒያም፦ ንድፉስ? ሰው ሁሉንም ነገር ማስገባት ይወዳል። መዶሻ፣ መስፍ፣ እሳት፣ የቡድኑ ሙሉ ስም፣ የተመሠረተበት ዓመት…

ናርዶስ፦ ኧረ ተው! 35 ሚሊ ሜትር ስፋት ላይ? አንድ ምስልና ሁለት ሦስት ፊደል ይበቃል። የጋለ ብረት ቀጭን መስመር ውስጥ አይገባም፤ ሳይሞላው ይቀዘቅዛል። ጥልቀቱ ከ1 እስከ 1.5 ሚሊ ሜትር ይሁን። የመስመሩ ግድግዳም ቀጥ ብሎ እንዳይቆም፣ ወደ ላይ ሰፋ ይበል። ቀጥ ካለ ጥፍጥፉ ውስጡ ነክሶ ይቀራል፣ በጉጠት ስትታገል ትውላለህ።

ቢኒያም፦ ምቱ ላይ እንምጣ። እኔ አንድ ምት ነው የማምነው።

ናርዶስ፦ እኔም። ሁለተኛው ምት ጸጉር ታህል ካፈነገጠ ምስሉ ጥላ ያወጣል። መደጋገም ካለብህ የላይኛውና የታችኛው እንዳይላቀቁ በሞላ (በስፕሪንግ) የተያያዘ መያዣ ሥራ። ጥፍጥፉ ቀጭን ከሆነ ደግሞ ቀዝቃዛ ማህተም ላይ ሲያርፍ ሙቀቱን ወዲያው ይነጠቃል። ስለዚህ ከ5 ሚሊ ሜትር አታሳንሰው፤ ማህተሙንም አስቀድመህ ሞቅ አድርገው። ጠርዙ ይረጫል፣ ችግር የለውም፣ በሞረድ ይስተካከላል።

ቢኒያም፦ ብረቱ ሲግል ላዩ ላይ የሚፈጠረው ቅርፊትስ?

ናርዶስ፦ ከእሳት እንደወጣ በሽቦ ብሩሽ ጠርገው፣ ከዚያ ምታ። ካልጠረግኸው ቅርፊቱ ፊቱ ላይ ተጨፍልቆ ጉድጓድ ይተዋል። እንዲያውም እኔን ብትሰማኝ፣ ልብስ ላይ ለሚደረግ ባጅ መዳብ ነው የምመርጠው።

ቢኒያም፦ አንጥረኛ ቡድን ብረት ትቶ መዳብ? አይሆንም!

ናርዶስ፦ ብረት ላብ ሲነካው ዝገቱ ሸሚዝ ላይ ይወጣል። መዳብ ደግሞ ደብዘዝ ያለ ቀይ እስኪሆን አግለኸው ውሃ ውስጥ ብትከተው አይጠነክርም፣ ለስላሳ ነው የሚሆነው። ቀዝቅዞ ስለሚመታ የመዶሻህን ዱካ ሳይቀር ይቀበልልሃል።

ቢኒያም፦ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ትልቁ ሜዳሊያ ግን የብረት ይሁን፤ እዚህ ላይ አልደራደርም። ኮምጣጤ ውስጥ አሳድረህ፣ ቅርፊቱን አጽድተህ፣ ሞቅ እያለ ሰም ስትቀባው የሚያወጣው ጥቁረት ሌላ ነው።

ናርዶስ፦ ተስማምተናል። ሰሙ መቅለጥ እንጂ መጨስ የለበትም። ደግሞ ለጥፍጥፍ ብላችሁ የቆርቆሮ ዓይነት ዚንክ የተለበጠ ብረት እሳት ውስጥ እንዳትከቱ። ዚንክ 907 ዲግሪ ላይ ይፈላል፤ ጭሱ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ያስይዛል።

ቢኒያም፦ ባጁን ልብስ ላይ የሚይዘው የጀርባው መርፌስ በብየዳ ነው?

ናርዶስ፦ በብየዳ ከሆነ ሰም ከመቀባትህ በፊት። እኔ በትንሽ የመዳብ ሪቬት፣ ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚያስር ምስማር፣ ነው የማስረው፤ እሳት አይፈልግም። ከመሃል ከፍ አድርገው፣ አለዚያ ባጁ ወደ ፊት ይደፋል።

ቢኒያም፦ ከጀርባው የአባሉን ቁጥር መምታትም ያምራል።

ናርዶስ፦ ያምራል፣ ግን መርፌው ከመታሰሩ በፊት። በኋላማ ጀርባውን ለመምታት ባጁን የምታስተኛበት ደልዳላ ቦታ የለህም።