የክላሽ መያዣና የምላጭ ከለላ፦ የአድማጮች ጥያቄና መልስ

በዚህ ሳምንት ከደሴ፣ ከኮምቦልቻና ከሐይቅ የደወሉ አድማጮች ስለ ጠመንጃ መያዣና ስለ ምላጭ ከለላ ጠይቀዋል። በስርጭቱ ላይ ሰዓት አጥሮን የቆረጥናቸውን መልሶች እዚህ አሟልቼ ጽፌአቸዋለሁ።

ከኮምቦልቻ፦ በስልኬ ባየሁት ቪዲዮ አንድ አሜሪካዊ ሳይጋ የሚባለውን የአደን ጠመንጃ ፈቶ ምላጩን ወደ ፊት ያመጣል፤ ከዚያም እንደ ሽጉጥ የሚጨበጥ መያዣና አዲስ የምላጭ ከለላ ይገጥምለታል። ይህን እዚህ በእጅ ባለሙያ ማሠራት ይቻላል?

ሳይጋ በሩሲያዋ ኢዤቭስክ ከተማ የተሠራ፣ ውስጡ ክላሽ፣ ውጪው የአደን ጠመንጃ የሆነ መሣሪያ ነው። አሜሪካ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1989 ወታደራዊ መልክ ያላቸው ጠመንጃዎች ከውጭ እንዳይገቡ ከለከለች። በዚህም ምክንያት ለዚያ ገበያ የተላከው ሳይጋ የእጅ መያዣው ቀርቶ በአደን ሰደፍ ቀረበ፤ ምላጩም ወደ ኋላ ስለተወሰደ ከመምቻው ክፍል ጋር የሚያገናኘው ተጨማሪ ዘንግ ገባበት፣ አሳሳቡም ከበደ። ስለዚህ በቪዲዮው ያዩት ሰው አዲስ ነገር አልፈጠረም፤ ምላጩን ወደ ጥንት ቦታው መመለሱ ነው። እዚያም ቢሆን ከውጭ የመጡት ክፍሎች ቁጥር በሕግ የተገደበ በመሆኑ ሥራው እንደ ልብ የሚሠራ አይደለም።

የእርስዎ ክላሽ ምላጩ ከመጀመሪያውም በቦታው ስላለ ይህ ሁሉ አያስፈልገውም። በእኛ አገር ደግሞ የጦር መሣሪያ አስተዳደርና ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 1177/2012 መያዝን ብቻ ሳይሆን መጠገንንም በፈቃድ የሚሠራ ሥራ አድርጎታል። ቪዲዮውን ተመልክቶ መዝጋት ይሻላል።

ከደሴ፣ ሸዋ በር አካባቢ፦ በጥበቃ ሥራ ላይ ነኝ። በፈቃድ የያዝኩት ክላሽ መያዣው ይወዛወዛል፣ ከለላውም ካዝና (የጥይት መያዣው) ሲገባ ይነቃነቃል። አንድ በያጅ በአንድ ነጥብ ብየዳ አስተካክለዋለሁ ብሎኛል። ላሠራው?

አያሠሩት። ሁለቱ ችግሮች ቢመሳሰሉም አንድ አይደሉም። መያዣው የሚታሰረው ከሥሩ በሚገባ አንድ ረጅም ብሎን ነው፤ ብሎኑ የመሣሪያው ሆድ ውስጥ የተቀመጠውን ዳዶ ይነክሳል። መያዣው ከተወዛወዘ ብዙ ጊዜ ብሎኑ ላልቷል፣ ወይም የዳዶው ጥርስ ተበልቷል። ይህ ቀላሉ ነው።

ከባዱ ከለላው ነው። ብዙ ሰው ከለላውን ጣትን ለመጋረድ ብቻ የተሠራ ቀለበት አድርጎ ያየዋል፤ ነገር ግን በክላሽ ላይ ካዝናውን አንቆ የሚይዘው መቀርቀሪያ የተተከለው እዚያው ከለላው ላይ ነው። ከፊት በአራት፣ ከኋላ በአንድ ሪቬት (ጫፉ ተቀጥቅጦ በሚያዝ የብረት ችንካር) ይታሰራል። የፊቶቹ ሲላሉ መቀርቀሪያው አብሮ ይንቀሳቀሳል፣ ካዝናው አንገቱን ይደፋል፣ ጥይቱም ወደ በርሜሉ የኋላ አፍ በትክክል አይገባም። አሁን እርስዎ የሚያዩት የዚህን መጀመሪያ ይመስለኛል።

ብየዳ ለምን እንደማይሆን በዓይኔ ያየሁትን ልንገርዎ። አንድ ጊዜ በር ሠሪ የበየደው ክላሽ መጣልኝ። እሳቱ የነካው ቦታ እንደ ርግብ አንገት ሰማያዊ ሆኖ ነበር፤ ጠርዙን በማስመሪያ ስለካው ቆርቆሮው መጠማዘዙ ታወቀ። በተለምዶ የምናየው የክላሽ አካል 1 ሚሊ ሜትር ውፍረት ካለው ብረት ተጣጥፎ የተሠራ ነውና ትንሽ እሳት ይበቃዋል። ከለላው አልተነቃነቀም፤ ካዝናው ግን ጭራሽ አልገባም። ሰውየው ሁለት ጊዜ ከፈለ። ስለዚህ ፈቃድ ወዳለው ጠጋኝ ይውሰዱት፤ እስከዚያው ድረስ ለቀጣሪዎ አሳውቀው በዚህ መሣሪያ ጥበቃ ላይ አይቁሙ።

ከደሴ፣ ፒያሳ፦ የአባቴን ምንሽር ሰደፍ ቆርጬ መያዣ ባስገጥምለትስ?

ሰደፉ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ እንጨት ነው፤ የሚሰነጠቀውም ብዙውን ጊዜ አንገቱ ላይ፣ እርስዎ ሊቆርጡት ባሰቡት ቦታ ነው። ይተዉት። (ለአባት ቅርስ መጋዝ ማንሳትም እኔን ደስ አይለኝም።)

ከሐይቅ፦ አማቴ ሲያርፉ ክላሻቸው ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ ቀረ። የምላጩ ከለላ ተሰብሮ ወድቋል። ልጆች አሉኝ። ምን ላድርግ?

እኅቴ፣ ከሁሉም ጥያቄዎች አስቸኳዩ የእርስዎ ነው። ከለላ የሌለው ምላጭ የነጠላ ጥለትም፣ የበር እጀታም ሊስበው ይችላል። ልጆቹን ከቤት ያውጡ፤ መሣሪያውን እርስዎ አይንኩት፣ የሚያውቅ ሰው ያስጠሩ። የሚመጣው ሰው ጣቱን ከምላጩ አርቆ፣ አፈሙዙን ሰው ወደሌለበት አቅጣጫ አድርጎ፣ መጀመሪያ ካዝናውን ይንቀል። ካዝናው እያለ ቢያቀባብል ጥይት ወደ አፉ ያስገባልና ቅደም ተከተሉ መዛባት የለበትም። ከዚያ በቀኝ በኩል ያለውን መቆለፊያ ወደ ታች ያውርድ፤ መቆለፊያው ወደ ላይ እንደተዘጋ ሙሉ በሙሉ አይቀባበልም። በመጨረሻም አቀባብሎ ወደ ኋላ እንደያዘ የጥይቱን ጎጆ፣ ማለትም የበርሜሉን የኋላ አፍ፣ በዓይኑ ይይ፣ በትንሽ ጣቱም ይዳስስ።

ፈቃዱ በሟቹ ስም የወጣ ስለሆነ ለእርስዎ አይተላለፍም። በአቅራቢያዎ ወዳለው ፖሊስ ጣቢያ ራስዎ ሄደው ያስመዝግቡ፤ መሣሪያውን ግን ተሸክመው አይሂዱ፣ መጥተው እንዲረከቡዎ ይጠይቁ። እስኪመጡ ድረስ ካዝናውና መሣሪያው በተለያዩ፣ ቁልፍ ባላቸው ሳጥኖች ይቀመጡ። ቁልፉ ከእርስዎ ዘንድ ይሁን፤ ልጆች የቡፌውን መሳቢያ ቀድመው ያውቁታል።