ስም ሲጠራ

ሰላም ጤና ይስጥልኝ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ውስጤ የቆየ ጉዳይ ስለሆነ ብቻዬን ባወራው ይሻላል ብዬ ነው።

ኅዳር 2014 ነው። ጦርነቱ የተፋፋመበት ሰሞን። እናቴ ቡና ትቆላለች፣ እኔ ከጎኗ በርጩማ ላይ ቁጭ ብዬ ስልኬን እነካካለሁ። የቤተሰባችን ቴሌግራም ግሩፕ ላይ አጎቴ አንድ የድምፅ መልእክት ፎርዋርድ አደረጉ። ከፈትኩት። ሰውዬው አይጮህም። አይሳደብም። የዕድር ማስታወቂያ እንደሚናገር ሰው ተረጋግቶ ነው የሚያወራው። እገሌ፣ ሱቁ እዚህ ጋ ነው። እገሊት፣ ቤቷ ከወፍጮ ቤቱ አለፍ ብሎ ነው።

እናቴ ብረት ምጣዱን ከከሰሉ ላይ አወረደችው። «የሰው ስም ነው የሚጠራው?» አለችኝ።

«አዎ፣ ሰፈራቸውንም።»

«ይሄ ወሬ አይደለም ልጄ። ጥቆማ ነው።»

እናቴ በቀይ ሽብር ጊዜ ወጣት ነበረች። የቀበሌ ስብሰባ ላይ «ይጋለጥ!» ሲባል ሰምታለች። ስሙ የተጠራ ሰው ማታ ምን እንደሚሆን ታውቃለች። ቡናው ዳግመኛ እሳት ላይ አልወጣም።

ከዚያ ወዲህ ስለ ሩዋንዳ ሳነብ የእናቴ ቃል ይመጣብኛል። አርቲኤልኤም የሚባለው ሬዲዮ በፈረንጆቹ 1993 ነው የተከፈተው። ሙዚቃው ጥሩ ነበር፣ ቀልድ ነበረው፣ ወጣቱ ይወደዋል። በዚያው መሀል ቱትሲዎችን «በረሮ» ይላቸዋል። ኤፕሪል 1994 ግድያው ሲጀመር ደግሞ የሰው ስም፣ የተደበቁበትን ቦታ፣ የመኪና ታርጋ ሳይቀር ያነብ ነበር። በ100 ቀን ገደማ ውስጥ፣ በተባበሩት መንግሥታት ግምት፣ 800 ሺህ ያህል ሰው አለቀ።

አሩሻ ላይ የተሰየመው ዓለም አቀፍ ፍርድ ቤት በፈረንጆቹ 2003 ሦስት የሚዲያ ሰዎችን ጥፋተኛ አለ። በ2007 ግን ይግባኝ ሰሚው ለየት ያለ ነገር ወሰነ። ሬዲዮው ከኤፕሪል 6 ቀን 1994 በኋላ ያስተላለፈው በቀጥታ ለዘር ማጥፋት ማነሳሳት ነው አለ። ከዚያ በፊት የነበረውን፣ ጥላቻ የሞላበት ቢሆንም፣ በዚያ ወንጀል ውስጥ አላስገባውም። መጀመሪያ ሳነበው ተናደድኩ። ሰውን በረሮ ማለት ምን ቀረው? አልኩ።

አሁን ግን ዳኞቹ ለምን እንደዚያ እንደተጠነቀቁ ይገባኛል። ሩዋንዳ በፈረንጆቹ 2008 «የዘር ማጥፋት ርዕዮተ ዓለምን» የሚቀጣ ሕግ አወጣች። ቁስሉን ላየ ሰው ሕጉ ለምን አስፈለገ አይልም። ነገር ግን አፉ ሰፊ ነበር። በ2011 መንግሥትን የተቹ ሁለት ሴት ጋዜጠኞች 17 እና 7 ዓመት ተፈረደባቸው። በኋላ ወደ 4 እና 3 ዓመት ቢወርድም እስር ቤት ገብተዋል። ለገዳይ የተዘረጋ መረብ ጸሐፊ ያዘ።

እኛም አዋጅ አለን፤ ቁጥር 1185/2012። የጥላቻ ንግግር እስከ ሁለት ዓመት እስር ወይም እስከ 100 ሺህ ብር ቅጣት ያመጣል። እኔን የሚያስፈራኝ «ጥላቻን ማስፋፋት» ሲባል ማን ይለካዋል የሚለው ነው። ወገኔ ተበደለ ብሎ እንባ እየተናነቀው የሚናገር ሰው አለ። ንግግሩ ሊመርህ ይችላል። እሱና ያ የተረጋጋ ድምፅ አንድ ሚዛን ላይ መቀመጥ የለባቸውም። አንደኛውን ቁጭ ብለን እንስማው፣ እንከራከረው። ሌላኛውን በደቂቃ ውስጥ ማስቆም አለብን።

ደግሞ የሚያመው፣ መቆም ያለበት ድምፅ ሳይቆም ያልፋል። ፕሮፌሰር መዓረግ አማረ የባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ መምህር ነበሩ፤ የትግራይ ተወላጅ። ፌስቡክ ላይ ስማቸውና ፎቶአቸው ተለጠፈ። ኅዳር ሳይገባ፣ ጥቅምት 24 ቀን 2014፣ ደጃፋቸው ላይ ተገደሉ። ልጃቸው ልጥፎቹን ደጋግሜ ሪፖርት አድርጌ ነበር ይላል። ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ኩባንያ ከሷል፤ በፈረንጆቹ 2025 የኬንያ ፍርድ ቤት ጉዳዩን ለማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል።

የድምፅ መልእክቱን የሰማሁ ዕለት አጎቴ ጋ ደወልኩ። «ጋሼ፣ እባክዎ ያጥፉት» አልኳቸው። «እኔ የተላከልኝን ነው የላክሁት» አሉኝ። ልጃቸው ግንባር ነበር፤ ሦስት ሳምንት ድምፁን አልሰሙም። አልተቆጣኋቸውም። እናቴ ስልኩን ተቀበለችኝና «ወንድሜ፣ ያንን ቀበሌ ረሳኸው?» አለቻቸው። ዝም አሉ። ማታ ላይ አጠፉት።

እስከዚያ ግን ግሩፑ ውስጥ ያለ ሰው አብዛኛው ሰምቶታል፤ ማን ወዴት እንዳሳለፈው አላውቅም። ከተጠሩት ስሞች አንዱ እስከ ዛሬ አልጠፋኝም። ሱቁም የት እንደሆነ አስታውሳለሁ። እዚህ አልናገረውም።