የኋላ ስፒከር፦ በገመድ ወይስ ያለ ገመድ?

ሰብለ፦ ዛሬ የምንወያየው ሳሎናቸው ውስጥ ዙሪያ ገባ ድምፅ ለመግጠም ያሰቡ ሰዎች ባለ ገመዱን ስፒከር ይግዙ ወይስ ገመድ አልባውን በሚለው ላይ ነው። መስፍን ግን የአክስቱን ቤት ሳያነሳ እንደማይጀምር አውቃለሁ።

መስፍን፦ ማንሳቴ አይቀርም፤ ክርክሩ ያለው እዚያ ሳሎን ውስጥ ነውና። አክስቴ የሚኖሩት ኮንዶሚኒየም ሲሆን፣ ልጃቸው አምስት ስፒከርና ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣ አንድ ሰብውፈር ያለውን፣ 5.1 የሚባለውን ገዝቶላቸው እንድገጥም ተጠራሁ። የፊተኞቹ ሦስቱ አላስቸገሩኝም። የኋለኞቹ ሁለቱ ግን ከተቀመጠው ሰው ግራና ቀኝ፣ ጥቂት ወደ ኋላ፣ ከሰውዬው ወደ ቴሌቪዥኑ ከሚሄደው የመሐል መስመር ከ110 እስከ 120 ዲግሪ ላይ መሆን አለባቸው። በአንደኛው ቦታ ላይ ረከቦቱ ተቀምጧል።

ሰብለ፦ ረከቦቱ ይነሳ አላልክም መቼም!

መስፍን፦ ማን ደፍሮ! ስፒከሩን ከረከቦቱ በላይ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩት፤ ሽቦውንም በዞኮሎው ጠርዝ አስኬጄ በሩ ዘንድ ስደርስ ምንጣፍ ስር ከተትኩት። በበዓል ቀን ቄጤማ ሲጎዘጎዝበት እንግዳው ሁሉ በእግሩ እየዳበሰ ምንነቱን ይጠይቅ ጀመር።

ሰብለ፦ ይህ ለእኔ ወገን በቂ ማስረጃ ነው። ገመድ አልባ ቢሆን ኖሮ ማንም ባልጠየቀ ነበር።

መስፍን፦ አልስማማም። ገመድ አልባ የሚባለው አብዛኛው ስፒከር የድምፅ ሽቦ አያሻውም እንጂ፣ ድምፅ ማጉያው (አምፕሊፋየሩ) በውስጡ ስለሆነ መብራት ይፈልጋል። አክስቴ ሳሎን በስተኋላ ያለው ሶኬት አንድ ብቻ ነው፤ እሱም የቡናው ምድጃ ነው። በማራዘሚያ ለሁለት ስፒከር መብራት ልሳብ ስትዪ፣ ያስወገድሽው ገመድ ወፍሮ ይመለሳል። ባለ ገመዱ ግን ኃይሉንም ድምፁንም ከአምፕሊፋየሩ የሚያገኘው በዚያው ቀጭን ሽቦ ነው።

ሰብለ፦ በባትሪ የሚሠሩም አሉ እኮ።

መስፍን፦ አሉ፤ ፊልሙ መሐል ላይ ሲያልቅባቸው የሚሰካቸው ሰው ይፈለጋል። በዚያ ላይ ተራ ብሉቱዝ ድምፁን ከ100 ሚሊ ሰከንድ በላይ ሊያዘገየው ስለሚችል፣ ፊልሙ ላይ በር ሲዘጋ በፊተኞቹ ስፒከሮች ከተሰማ በኋላ በኋለኞቹ ገና ይዘጋል።

ሰብለ፦ በብሉቱዝ ጥፋት ሁሉንም አትኮንን። ለዙሪያ ድምፅ ታስበው የተሠሩት የራሳቸውን የሬዲዮ ግንኙነት ይጠቀማሉ፤ በ5 ጊጋኸርዝ የሚሠሩትም የጎረቤት ዋይፋይና ማይክሮዌቭ ከሚያጨናንቁት ከ2.4 ጊጋኸርዝ ይርቃሉ። ለመሆኑ አክስትህ ድምፁን ወደዱት?

መስፍን፦ እሳቸው የሚያዩት ዜና ነው። ዜናው የሚመጣው በግራና በቀኝ ሁለት የድምፅ መስመር ብቻ ስለሆነ፣ አምፕሊፋየሩ በስቴሪዮ፣ ማለትም የግራና የቀኝ የፊት ስፒከሮችን ብቻ በሚያሠራበት ሁኔታ ሲሆን ያ ሁሉ የለፋሁበት የኋላ ስፒከር ዝም ብሎ ተሰቅሏል።

ሰብለ፦ ታዲያ የቱ ጋ ነው ያሸነፍከው? ግድግዳ መብሳት ለማይፈቀድለት ተከራይ እኔ አሁንም ገመድ አልባውን እመክራለሁ።

መስፍን፦ ከኋላ ትርፍ ሶኬት ካለው እሺ። ከሌለው ግን 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር የሆነ፣ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ሳይሆን ሙሉ መዳብ ሽቦ ይግዛና ቀዩን ከቀይ፣ ጥቁሩን ከጥቁር ያገናኝ፤ የአንዱ ስፒከር ሽቦ ተገላብጦ ከተገናኘ ወፍራሙ ድምፅ ይሳሳል።

ሰብለ፦ ምንጣፉንስ?

መስፍን፦ ምንጣፉን ከአከራዩ ጋር ይነጋገርበት።