የኮሎምበስ ልጅ ቤት፦ አልካሳር ደ ኮሎንን ስትጎበኙ

(ምስል፦ የኦዛማ ወንዝ፣ ከፍ ብሎ የቤቱ ፊት)

ይህ ቤት አልካሳር ደ ኮሎን ይባላል። የሚገኘው በዶሚኒካን ሪፐብሊክ ዋና ከተማ በሳንቶ ዶሚንጎ ነው። ያሠራው የክሪስቶፈር ኮሎምበስ ልጅ ዲዬጎ ኮሎን ነው። ዲዬጎ እ.ኤ.አ. በ1509 ከተማዋ ያለችበትን የሂስፓኞላን ደሴት ሊገዛ ከስፔን ሲመጣ ባለቤቱ ማሪያ ደ ቶሌዶም አብራው መጣች፤ የአልባ መስፍን ዘመድ ነበረች። ቤቱ የተሠራው በቀጣዮቹ ጥቂት ዓመታት ነው።

(ምስል፦ ግድግዳው በቅርበት)

ከመግባታችሁ በፊት ደጁ ላይ ቆም በሉ። ግድግዳው የኮራል ድንጋይ ነው፤ ጠጋ ብላችሁ ስታዩት ባሕር ውስጥ የተፈጠረ መሆኑ ከቀዳዳዎቹ ያስታውቃል። በረንዳው ታች 5፣ ላይ 5 ቅስቶች አሉት። እዚህ ጋ ጊዜ ብትወስዱ እመክራለሁ፤ ምክንያቱም ውስጥ የምታዩዋቸው አልጋዎች፣ ሣጥኖችና የግድግዳ ምንጣፎች የዲዬጎ ዕቃዎች አይደሉም። እንግሊዛዊው ፍራንሲስ ድሬክ በ1586 ከተማዋን ዘርፏል፤ ቤቱም ውሎ አድሮ ባለቤት አጥቶ ፈራርሶ ነበር። ከ1955 እስከ 1957 ታድሶ ሙዚየም ሲሆን ዘመኑን የሚያሳዩ ዕቃዎች ተሰብስበው ገቡበት።

(ምስል፦ የላይኛው ፎቅ አዳራሽ)

ይህን ሁሉ ሀብት ያፈራው ማን ነው? የደሴቲቱ ነባር ሕዝብ ታይኖዎች ለስፔናውያን እየተከፋፈሉ ወርቅ እንዲያወጡ ይገደዱ ነበር። በሥራው፣ በረሃቡና በበሽታው በጥቂት አሥርት ዓመታት ውስጥ አብዛኞቹ አለቁ። ታኅሣሥ 1511 ላይ አንቶኒዮ ደ ሞንቴሲኖስ የተባለ፣ ዶሚኒካን ከሚባለው የካቶሊክ ማኅበር የሆነ መነኩሴ በዚህችው ከተማ ለስብከት ቆመ። እነዚህ ሰዎች አይደሉም ወይ? ነፍስ የላቸውም ወይ? ብሎ ጌቶቹን ፊት ለፊት ጠየቃቸው። ዲዬጎና ሹማምንቱ ተቆጡ፤ ቃሉን እንዲያጥፍ አለቃውን ወጥረው ያዙት። መነኩሴው ግን በሚቀጥለው እሑድ ያንኑ ቃል አጠንክሮ ደገመው። እንዲህ ያለ ድፍረት በዚያ ዘመን ምን ያህል ከባድ እንደነበር አስቡት!

ታይኖዎቹ ሲመናመኑ አፍሪካውያን በባርነት ተጋዙ። በ1521 መጨረሻ በራሱ በዲዬጎ የሸንኮራ አገዳ እርሻ ላይ የነበሩት ተነሡ፤ ብዙዎቹ ከምዕራብ አፍሪካ የመጡ ወሎፎች ናቸው። በአሜሪካ ምድር በጽሑፍ ከተመዘገቡት የባሮች አመፆች ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነው። ዲዬጎ አመፁን በኃይል ደመሰሰ፤ በ1522 መጀመሪያም የባሮችን እንቅስቃሴ የሚያጠብ ጨካኝ ደንብ አወጣ። ጥቁሮች ሆነን በዚህ አዳራሽ ስናልፍ ይህን ታሪክ ይዘን ልናልፍ ይገባል፤ እኔ በጽኑ የማምነው ይህንን ነው።

(ምስል፦ ካሌ ላስ ዳማስ ጎዳና፣ ከዚያ ባሕሩ)

ጉብኝታችሁን እዚህ አትጨርሱ። በካሌ ላስ ዳማስ ጎዳና ወደ ደቡብ፣ ወደ ባሕሩ ውረዱ። ዳርቻው ላይ ሜክሲኮ ያበረከተችው ትልቁ የሞንቴሲኖስ ሐውልት አለ። ሁለቱን በአንድ ቀን ማየት ይቻላል፤ መጀመሪያ ቤቱን፣ ቀጥሎ መነኩሴውን እዩ።