የቀረጽኩት በሩን ነበር

ዛሬ እንግዳ የለም፣ እኔው ብቻዬን ነኝ። ወንበሬ ሲንሲያጠጥ ከሰማችሁ ይቅርታ፣ ዘይት ላስነካው እያልኩ ወር አለፈኝ።

ስለ አንድ ቪዲዮ ላወራችሁ ነው። 42 ሰከንድ ነው። የሆስፒታል ኮሪደር ይታያል። ግድግዳውን ታክኮ የተደረደረ የብረት ወንበር አለ፣ አንዱ ላይ ጃኬት ተጥሏል፣ ባለቤቱ የለም። ወደ መጨረሻው በር አካባቢ አንዲት የጽዳት ሠራተኛ ወለሉን ትወለውላለች። ከዚያ አንድ ወንድ በሹክሹክታ፣ ግን በጣም በራሱ ተማምኖ፣ «ይኸው፣ ተመልከቱ፣ ተጨናነቀ የተባለው ሆስፒታል ይሄ ነው» ይላል። ድምፁ የኔ ነው።

ጊዜው የኮሮና ጊዜ ነው። የእናቴን የመድኃኒት ማዘዣ ላሳድስ ሄጄ ነው የቀረጽኩት። ዋዜማውን ዜናው ሆስፒታሎች ሞልተዋል፣ አልጋ የለም ሲል ነው ያመሸው። በማግስቱ ብሄድ ጭር ብሏል። ዓይኔን ልመን ወይስ ቴሌቪዥኑን? ሦስት ግሩፕ ላይ ለቀቅኩት። ስልኬ ሲንጫጫ አመሸ፣ «እኛ ድሮም ብለናል» ባዩ በዛ፣ እና እውነቱን ልንገራችሁ፣ ደስ አለኝ። ሰው ሁሉ ሲሸወድ እኔ ብቻ የነቃሁ መሰለኝ። ስለ ጥርጣሬ ስናወራ ይህንን ነገር እንዘለዋለን፣ ነቃሁ ማለት በጣም ይጣፍጣል።

በኋላ ሳነብ ለካ ብቻዬን አልነበርኩም። አሜሪካ ውስጥ በማርች 2020 መጨረሻ «ሆስፒታልህን ቅረጽ» የሚል ሃሽታግ ወጥቶ ሰዉ እየዞረ ባዶ መኪና ማቆሚያና ጭር ያለ መግቢያ ይቀርጽ ነበር። በዚያው ሰሞን ደግሞ ሲቢኤስ፣ ትልቅ የአሜሪካ የቴሌቪዥን ጣቢያ፣ ስለ ኒውዮርክ በሠራው ዜና ውስጥ የጣሊያን ሆስፒታል ምስል አስገብቶ ተያዘ። የኤዲቲንግ ስህተት ነው ብሎ አመነ፣ ምስሉንም አነሳው። ግን ከዚያ በኋላ ማን ይሰማዋል! የሚያናድደው፣ ምስሉ የመጣው ከቤርጋሞ ነው፣ የጦር ካሚዮኖች በሌሊት የሬሳ ሣጥን ጭነው ከወጡባት ከተማ። እዚያ ጭንቁ እውነት ነበር። ኒውዮርክም እውነት ነበር። ውሸት የሆነው ምስሉ የገባበት ቦታ ብቻ ነው፣ እሱ ግን ሁለቱንም ከተሞች አብሮ ውሸታም አስባላቸው።

ስለዚህ የተጠራጠረውን ሰው ሁሉ ደንቆሮ የሚሉትን አልወድም። ዜናው ራሱ ምክንያት ሰጥቶናል። ያንኑ ባለ ቱቦ በሽተኛ፣ ያንኑ የሚሮጥ አልጋ ሳምንቱን ሙሉ ሲያሳዩን፣ መቼና የት እንደተቀረጸ አንድ መስመር ጽፎ ማሳየት ምን ይከብዳል? እርግጥ ጋዜጠኛውም ችግር ነበረበት፣ ብዙ ቦታ ውስጥ አያስገቡትም፣ ያገኛትን ቅራጭ እየደጋገመ ነው። ታዲያ እንደዚያ ብሎ ይንገረና።

ወደ ቪዲዮዬ ልመለስ። በሦስተኛው ቀን የአክስቴ ልጅ ደወለች። ነርስ ናት፣ ጽኑ ሕክምና ክፍል ነው የምትሠራው። ቪዲዮው ዞሮ ዞሮ እሷ ጋ ደርሷል፣ ድምፄን አውቃዋለች። ትሳደባለች ብዬ ነበር። አልተሳደበችም። ድምፅዋ የደከመ ነው፣ «አንተ የቀረጽከው እኮ በሩን ነው» አለችኝ።

እንዴት? አልኳት። ነገረችኝ። ተመላላሽ ታካሚ እንዳይመጣ ተነግሯል። የማያስቸኩል ኦፕራሲዮን በሙሉ ለሌላ ጊዜ ተዛውሯል። ጠያቂ ክልክል ነው፣ አስታማሚ ክልክል ነው። ኮሪደሩን የሚሞላው ደግሞ ማን ነው? እነሱ ናቸው እኮ! ከዚያ ላይ ሰው በሽታውን ፈርቶ ከሆስፒታል ሸሽቷል። ይሄን በቁጥርም አየሁት በኋላ፣ አሜሪካ ውስጥ በ2020 ኤፕሪል አካባቢ ወደ ድንገተኛ ክፍል የሚሄደው ሰው ካለፈው ዓመት ተመሳሳይ ወቅት በ42 በመቶ ቀንሶ ነበር። ልቡን እየወጋው ቤቱ የተኛ ሰው ሁሉ አለ ማለት ነው። ኮሪደሩ ባዶ የሆነው ሆስፒታሉ ሥራ ፈትቶ አልነበረም። ወረርሽኙ ነው ባዶ ያደረገው።

ከዚያ ስለ ውስጡ ጠየቅኳት። አንድ ነገር ብቻ ነው የነገረችኝ፣ እስከ ዛሬ ከጭንቅላቴ አልወጣም። መተንፈሻ ማሽን ላይ ያለን ሰው በደረቱ ማስተኛት። ሳንባው አየር በደንብ እንዲያገኝ ነው። እሱ ራሱን አያውቅም፣ ሰውነቱ ዝልፍልፍ ብሏል፣ አፉ ውስጥ ቱቦ አለ፣ አንገቱ ላይ የመድኃኒት መስመር፣ ታች የሽንት ቱቦ። አንዱ ራስጌ ቆሞ ቱቦውን ብቻ ይይዛል። ሌሎቹ በግራና በቀኝ አንሶላውን ይጨብጣሉ። የሚቆጥረው ራስጌ ያለው ነው፣ አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት፣ እኩል ይገለብጡታል። ቱቦው ከወጣ አለቀ። ከብዙ ሰዓት በኋላ ደግሞ በጀርባው ይመልሱታል። ይሄ ሁሉ ለአንድ ሰው ነው፣ አጠገቡ ሌላ አለ፣ ከዚያ ቀጥሎ ሌላ። «ውኃ ለመጠጣት መውጣት እፈልግና ያንን ሁሉ ልብስ አውልቄ መልሼ መልበሱን ሳስበው እተወዋለሁ» አለችኝ።

እንግዲህ «አልጋ የለም» ሲባል እኔ በአእምሮዬ የማየው ፍራሽ ነበር። ፍራሽማ ሞልቷል። አልጋ ማለት ግን ነርስ ነው፣ ኦክስጅን ነው፣ ማሽኑን የሚያውቅ እጅ ነው። ለንደን ውስጥ በኤፕሪል 2020 አንድ ግዙፍ የኤግዚቢሽን አዳራሽ ሆስፒታል ተደርጎ ተከፍቶ ነበር፣ ናይቲንጌል ይሉታል፣ እስከ 4,000 አልጋ እንዲይዝ ነው የታሰበው። በመጀመሪያው ማዕበል የታከመበት ሰው 54 ነው። ተጠራጣሪው ይሄን ይዞ «አያችሁ!» አለ። የዚያኑ ጊዜ ግን ወደዚያ ሊላኩ የነበሩ ሕሙማን በነርስ እጥረት አንቀበልም መባላቸው ተዘግቧል። አዳራሹ ባዶ ነው፣ ነርሷ ደግሞ ሌላ ቦታ ናት። እንግሊዝ ውስጥ ለአንድ ጽኑ ሕሙም አንድ ነርስ የሚለው ደንብ ላልቶ፣ ሌሎች እያገዟት፣ አንዷ እስከ ስድስት እንድትይዝ የተፈቀደበት ጊዜ ነው። ይሄን በዜና የነገረኝ አልነበረም። የሚነገረኝ «90 በመቶ ሞልቷል» ብቻ ነው። ከምኑ ነው 90? አምና በዚህ ወቅት ስንት ነበር? በደህና ቀንም ጽኑ ሕክምና ክፍል ብዙ ቦታ ባዶ አይውልም፣ ይሄን ያነሳ ተጠራጣሪ አልተሳሳተም፣ የተሳሳተው «ስለዚህ ምንም የለም» ሲል ነው።

ያን ቀን ቪዲዮውን ከሦስቱም ግሩፖች አጠፋሁት። ማስተካከያ ጻፍኩ፣ ረዘም ያለ። ሁለት ሰው አነበበው መሰለኝ፣ አንዱ «ስንት ከፈሉህ?» አለኝ። ሳቅኩ። ምን ልበለው፣ ከሦስት ቀን በፊት እኔም እንደዚያው ነበርኩ።

አሁን ለምን አነሳሁት? ባለፈው ሳምንት አንድ የድሮ ጓደኛዬ ቪዲዮ ላከልኝ። ከፈትኩት። ያው ኮሪደር፣ ያው ጃኬት፣ ያቺው ሴትዮ። ድምፄን ቆርጠውታል፣ በቦታው የሚያስፈራ ሙዚቃ ገብቷል፣ ከላይ ደግሞ ጨርሶ ረግጬው የማላውቅ አገር ስም ተጽፎበታል። «ይሄን የቀረጽኩት እኔ ነኝ» ብዬ ጻፍኩለት። ትንሽ ቆየና፣ «እና ባዶ አልነበረም?» አለኝ።

ባዶ ነበር። ለሱ መልስ ልጽፍ ጀመርኩ፣ ረዘመብኝ፣ አጠፋሁት፣ እንደገና ጀመርኩ፣ እንደገና ረዘመ። በመጨረሻ በድምፅ ልላክለት ብዬ ማይኩን ከፈትኩ። ይኸው እየሰማችሁት ያላችሁት እሱን ነው።